ለወዳጅ ማጨብጨብ

ጥያቄው ትንሽ ይመስላል፤ ለፍልስፍና የሚበቃም አይመስልም። አንድ ልጅ ጊታሩን አንግቶ በሃምሳ ሰው ፊት ይቆማል። ራሱ የገጠመውን፣ ራሱ ያዜመውን ዘፈን ይዘፍናል። ከሃምሳው ሠላሳዎቹ ጓደኞቹ ናቸው፤ የክፍል ልጆች፣ የሰፈር ልጆች፣ ባለፈው ወር እሱ ያጨበጨበላቸው ሌሎች ዘፋኞች። ዘፈኑ ደካማ ነው። ዜማውን ከዚህ በፊት የሆነ ቦታ የሰማነው ይመስላል፤ ግጥሙ ቤት ይመታል እንጂ ቁም ነገር የለውም። ሲያበቃ ግን አዳራሹ በጭብጨባ ይናጋል። ይህ ጭብጨባ ምንድን ነው? ደግነት ነው? ውሸት ነው? ወይስ እንደ «እንዴት አደራችሁ» ያለ፣ እውነት ነው ሐሰት ነው ተብሎ የማይጠየቅ የጨዋነት ነገር?

በዚህ ነገር ብዙ ማታ ተከራክረናል፤ ሻይ ቤት፣ ታክሲ ተራ፣ መኝታ ክፍል። የሚያስቀው፣ ክርክሩ የሚጦፈው ሁልጊዜ ከዝግጅቱ በኋላ በመንገድ ላይ ነው፤ ዘፋኙ በሌለበት ማለት ነው።

የምናወራው ስለ ትልልቁ ኮንሰርት አይደለም። ስታዲየም የሚሞላው ዘፋኝ ነጋዴው አለው፣ የቢራ ፋብሪካው አለው፣ አስተዋዋቂው አለው፤ የኛ ማጨብጨብም አለማጨብጨብም ከቁጥር አይገባም። የምናወራው ስለ ትንንሾቹ ነው። ማንም አሳታሚ ያላስፈረማቸው፣ ዘፈናቸውን ራሳቸው የሚደርሱ፣ በተውሶ ኪቦርድ የሚለማመዱ፣ ዓርብ ማታ በአንድ ካፌ ወይም በአንድ የባህል ተቋም አዳራሽ ማይክ የሚይዙ ልጆች። ፈረንጆቹ «ኢንዲ» ይሏቸዋል፤ ለማንም ያላደረ፣ ራሱን የቻለ ለማለት ነው። ራሱን የቻለ! ቃሉ ያምራል። ግን እስቲ የአንዲቱን ማታ ሒሳብ እንየው።

ቢራው የቤቱ ባለቤት ነው። የመግቢያው ገንዘብ የባንዱ ነው ይባላል። ከዚያ ላይ የድምፅ ማጉያው ኪራይ ይነሳል፣ ድምፅ የሚያስተካክለው ልጅ ይከፈለዋል፣ ድራሙን ያመላለሰው ላዳ ይከፈለዋል። መብራት ከጠፋ ደግሞ የጄነሬተር ነዳጅ አለ። በር ላይ የቆመው ልጅ ጓደኛ ነውና «የኔ ሰው ነው፣ አስገባው» ሲባል እንቢ ማለት አይችልም። ሠላሳው ወዳጅ በነፃ ይገባል፤ የማታውን ዕዳ የሚሸከሙት ማንንም የማያውቁት ሃያዎቹ ናቸው። እንግዲህ ወዳጁ የሚሰጠው ምንድን ነው? ጭብጨባ። የማያልቅ፣ የማይቆጠር፣ ምንም የማያስወጣ ጭብጨባ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሥነ ምግባር ጥያቄ የሚሆነው፤ የሚያስከፍለውን ነገር ነፍገን የማያስከፍለውን ስናበዛ ደግነታችንን ማን ያምነዋል?

ራስን ችሎ መዝፈንና ማዘፈን በዚህ ከተማ የትናንት ፈጠራ አይደለም። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን፤ የሸክላው ታሪክ የሚጠቀሰው እንዲያ ነውና።) ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት መብት በ1948 በወጣ ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ ነበር። ዘመናዊው ባንድ ደግሞ የክብር ዘበኛ ነው፣ የፖሊስ ነው፣ የጦር ሠራዊት ነው፤ ተጫዋቹ ደንብ ልብስ ለባሽ፣ ሳክስፎኑ የመንግሥት ንብረት። በ1969 አምኃ እሸቴ የሚባል፣ ሃያዎቹን ገና ያላጋመሰ ሰው ይህን ብቸኛ መብት ተዳፍሮ አምኃ ሪከርድስን አቋቋመ። የመጀመሪያዋ ሸክላ የዓለማየሁ እሸቴ ነበረች። ሰውየው እስከ 1975 ባሉት ጥቂት ዓመታት 103 ትንንሽ ሸክላና አሥራ ሁለት ያህል ትልልቅ አወጣ፤ ከዚያ አገር ለቆ ወጣ። ዛሬ «ወርቃማው ዘመን» እያልን የምንኮራበት ሙዚቃ፣ ከ1997 ጀምሮ ፍራንሲስ ፋልሴቶ ኢትዮፒክስ በሚባሉት ተከታታይ ሲዲዎች ለዓለም ያሰማው፣ ብዙው ከዚያ ሰው እጅ የወጣ ነው። አምኃ በ2021 አረፈ።

ይህን ያነሳነው ለሙገሳ አይደለም። አንድ ነገር ልብ እንዲባል ነው። ሸክላ ቤት ገብቶ ብሩን የሚያወጣው ሰው ዓለማየሁን ወይም ጥላሁንን የግድ አያውቅም። የልጅነት ጓደኛው አይደለም፤ ይሉኝታ የለበትም። ወደደ፣ ገዛ። ካልወደደ ሸክላውን መልሶ ለባለ ሱቁ ሰጥቶ ወጣ። የዚያ ዘመን ዘፋኝ ዳኛው ባይተዋር ነበር። የኛ ዘመን ትንሽ ባንድ ደግሞ ዳኛው አብሮት የሚበላ ሰው ነው። ከቤተ መንግሥት ትእዛዝ ነፃ መሆን አንድ ነገር ነው፤ ከወዳጅ ምሕረት ነፃ መሆን ግን ሌላ ነገር ነው፤ ምናልባትም የሚከብደው ይኸኛው ሳይሆን አይቀርም።

ከ1974 በኋላ ሰዓት እላፊ መጣ። ለብዙ ዓመታት የአዲስ አበባ ሰው ሌሊት መንገድ ላይ መታየት አይችልም ነበር። ሙዚቃው ግን አልቆመም። ማምሸት የፈለገ እላፊው ከመግባቱ በፊት ክለብ ወይም ሆቴል ይገባል፤ በሩ ይዘጋል፤ እስኪነጋ መውጣት የለም። ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። እስቲ አስቡት፤ መውጣት የማይችል አድማጭ! የዚያ ሰው ጭብጨባ ምን ይናገራል? ወዶ ነው? እንቅልፉን ለማባረር ነው? አንዳንዶቻችን ይህን ጊዜ ስናስብ እንቀናለን፤ ሌሊቱን ሙሉ የማይሄድ አድማጭ ለባንድ ሕልም ነው እንላለን። እኛ ግን ከራሳችን ሁኔታ ጋር ስናስተያየው አንድ የሚያመሳስል ነገር አየንበት። ያኔ በሩን የዘጋው ሰዓት እላፊ ነበር። ዛሬ በትንሿ አዳራሽ በሩን የሚዘጋው ይሉኝታ ነው። የጓደኛህ ሦስተኛ ዘፈን ላይ ተነስቶ መውጣት ይቻላል እንዴ? ማን ደፍሮ!

ከዚያው ዘመን ሰዎች አንዱ ይህን ክርክር በሌላ በኩል ያበራልናል። ዋሊያስ ባንድ በሂልተን ሆቴል ይጫወት ነበር፤ ኪቦርድና አኮርዲዮን ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ ነው። በ1975 «ትዝታ»ን፣ በ1977 «ቸበለው»ን ያለ ዘፋኝ፣ በመሣሪያ ብቻ ቀርጸዋል። በ1981 ባንዱ ወደ አሜሪካ ተጓዘ፤ ከአባላቱ ከፊሎቹ እዚያው ቀሩ፣ ኃይሉም ቀረ። በ1985 ብቻውን አንድ ካሴት ሠራ። ከዚያ በኋላ በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ነዳ፤ ብዙ ዓመት። ኪቦርዱን መኪናው ዕቃ መጫኛ ውስጥ ይይዝና አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ ሲጠብቅ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። በ2013 ያ ካሴት እንደገና ታተመ፤ ሰውየውም ወደ መድረክ ተመለሰ። እነዚያን ዓመታት ሁሉ መኪና ውስጥ ሲጫወት ያጨበጨበለት የለም። ስለዚህ «ካላጨበጨብንለት ልጁ ይተወዋል» የሚለው የጓደኞቻችን ክርክር ሙሉ በሙሉ አያሳምነንም። ሙዚቃው በውስጡ ያለ ሰው በጭብጨባ አይኖርም። በጭብጨባ ብቻ የሚኖር ካለም ጭብጨባው ሲቆም መተዉ አይቀርም። ግን ደግሞ ሁሉም ሰው ኃይሉ መርጊያ አይደለም፤ ይህንንም እናውቃለን።

አሁን ወደ አዝማሪ ቤት እንግባ፤ ምክንያቱም ስለ ጭብጨባ ከኛ ይልቅ የሚያውቁት እዚያ ያሉት ናቸው። አዝማሪው መሲንቆውን ይዞ በወንበሮቹ መሐል ይዞራል። አድማጩ ዝም ብሎ ተቀባይ አይደለም። «ተቀበል!» ይላል፤ ስንኙን ይሰጣል፣ አዝማሪው ተቀብሎ ያዜመዋል። ስንኙ ቀሽም ከሆነ ሰዉ የሚስቀው በሰጪው ነው፤ ስለዚህ አድማጩም ይፈተናል። አዝማሪው ስለ ክራቫትህ፣ ስለ ሆድህ፣ አብራህ ስለመጣችው ይገጥማል፤ ሰሙ ሙገሳ፣ ወርቁ ሌላ። ያስደሰተውን ሰው ብር በግንባሩ ይለጥፍለታል። እዚያ ቤት ጭብጨባና ብር አንድ ላይ ናቸው። ታዲያ ችግር የለበትም? አለበት እንጂ። ብር ያወጣ ይሞገሳል፤ ብዙ ያወጣ ብዙ ይሞገሳል። እዚያ ዘፋኙ ሙገሳውን ለአድማጭ ይሸጣል። እዚህ እኛ ዘንድ አድማጩ ሙገሳውን ለዘፋኝ በነፃ ያድላል። መንገዱ ተገላበጠ እንጂ የሙገሳው ዋጋ ያው መርከሱ ነው። ልዩነቱ ግን ይህ ነው፤ አዝማሪ ቤት የገባ ሁሉ ሙገሳው የተገዛ መሆኑን ያውቃል፣ ጨዋታው ለሁሉም ግልጽ ነው፣ ማንም አይታለልም። እኛ ዘንድ የቆመው ልጅ ግን ያምነናል።

ያምነናል ስንል ወደ ካንት መጣን። (የፍልስፍና ተማሪዎቹ እንዳይስቁብን፤ አንብበን ነው።) ካንት በ1797 በጻፈው አጭር ጽሑፍ፣ ነፍሰ ገዳይ በር ላይ ቆሞ የተደበቀውን ጓደኛችንን ቢጠይቀን እንኳ መዋሸት አይገባም ብሎ ዓለምን አስደንግጧል። ለተማሪዎቹ በሰጠው ትምህርት ግን አንድ ቀዳዳ ይተዋል። ሻንጣዬን ባሰናዳ ሰዎች መንገድ ልሄድ ነው ይላሉ፤ እኔም ያንን እንዲያስቡ ፈልጌ ይሆናል፤ ነገር ግን ቃል አልሰጠኋቸውም፣ ስለዚህ አልዋሸሁም ይላል። ከመሐላችን አንዱ ይህን ይዞ ጭብጨባ ማለት ሻንጣ ማሰናዳት ነው አለ። እጄን አጋጨሁ እንጂ «ዘፈንህ ጥሩ ነው» አላልኩም!

አያስኬድም። ሻንጣዬን ሳሰናዳ የጠየቀኝ ሰው የለም። ዘፋኙ ግን ዘፈኑን ጨርሶ ጊታሩን ዝቅ ሲያደርግ ይጠይቃል፤ ከዚያች ዝምታ የበለጠ ጥያቄ የለም። አዳራሽ ውስጥ ለጥያቄው የተሰጠን የመልስ ቋንቋ ደግሞ ጭብጨባ ነው። በዚያ ቋንቋ ተጠይቀን በዚያው ቋንቋ ስንመልስ ተናግረናል፤ «እጄን ነው ያጋጨሁት» ማለት «ከንፈሬን ነው ያንቀሳቀስኩት» እንደማለት ነው።

ከሁሉ የከበደን ተቃውሞ ግን ከካንት አልመጣም። ከአንዲት ጓደኛችን ነው የመጣው፤ የመጣውም ከወጥ ቤት ነው። «ማኅበር ላይ ሄዳችሁ ታውቃላችሁ?» አለች። «ማኅበርተኛ ተራውን ሲደግስ ወጡ ጨው ቢበዛበት ማን ይናገራል? ጠላው ቢቀጥን ማን ፊቱን ያጨማድዳል? ይበላል፣ ይመረቃል፣ ይሄዳል። በሚቀጥለው ወር ተራው የሌላው ነው። የናንተም ዓርብ ማታ ማኅበር ነው። ዛሬ እሱ ይዘፍናል፣ ነገ ከናንተ አንዱ። ዳኝነትን ምን አመጣው?»

ዝም አሰኘችን። እውነት አላት። እንዲህ ያለው ትንሽ ማኅበር ባይኖር አብዛኞቹ ልጆች የመጀመሪያ ዘፈናቸውን ለማንም ሳያሰሙ ይቀሩ ነበር። ድምፅ ሲንቀጠቀጥ፣ ማይኩ ሲጮህ፣ ግጥም ሲጠፋ የሚችል ሰው ያስፈልጋል። ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ የወጣችን ልጅ በዝምታ የሚቀበል አዳራሽ ሐቀኛ ነው ብለን አናደንቀውም፤ ጨካኝ ነው። እጁን አጣምሮ ከኋላ ቆሞ «ቀሽም» ብሎ የሚወጣውንም ሰው አንወድለትም። እሱ አልሰማም፤ ራሱን ሲሰማ ነው ያመሸው።

ይሁን እንጂ ማኅበሩ ላይ የሌለ አንድ ሰው እኛ ዘንድ አለ። ማኅበር በር ላይ ማስታወቂያ አይለጠፍም፤ መግቢያ አይጠየቅም። እኛ ግን ለጥፈናል። ከመገናኛ ታክሲ ይዞ፣ ማስታወቂያውን አይቶ፣ ማንንም ሳያውቅ ከፍሎ የገባ አንድ ሰው ጥግ ላይ ተቀምጧል። ዘፈኑን ሰማ፤ አልጣመውም። ከዚያ አዳራሹ ሲናጋ አየ። ይህ ሰው ምን ያስባል? ወይ «እኔ ሙዚቃ አይገባኝም» ይላል፤ ወይ ደግሞ «እነዚህ ሰዎች እርስ በርሳቸው ነው የሚጨዋወቱት፣ የኔ ቦታ አይደለም» ይላል። ብዙውን ጊዜ ሁለተኛውን ነው። ተመልሶም አይመጣም። አዳራሹ ከሃምሳ የማያልፈው ለምንድን ነው ብለን ስንጨነቅ የመብራቱን፣ የታክሲውን፣ የመግቢያውን ዋጋ እናነሳለን፤ ሁሉም ልክ ነው፤ ግን ጥግ ላይ የነበረው ሰውዬ ዋና ምክንያት ይመስለናል። ለወዳጅ ያጨበጨበ አዳራሽ የዋሸው ለወዳጁ ብቻ አይደለም፤ ለእንግዳውም ነው። ባህላችን ደግሞ እንግዳን እንዴት እንደሚያከብር መናገር አያስፈልግም።

ዘፋኙስ ቢሆን? ከሠላሳው ወዳጅ ፊት ወርዶ ሌላ ከተማ፣ ሌላ መድረክ ሲወጣ የተሸከመው ስንቅ የኛ ጭብጨባ ነው። ሐዋሳ ወይም ባሕር ዳር ያለው አድማጭ አያውቀውም።

እንግዲህ እኛ የያዝነው አቋም ብርና ጭብጨባን እንለያይ የሚል ነው። ብሩ ለድካሙ ነው። ስድስት ሳምንት የተለማመደ፣ ድራም ተሸክሞ የመጣ፣ መድረክ ላይ ላቡን ያፈሰሰ ሰው ዘፈኑ ጣመንም አልጣመንም የመግቢያው ዋጋ ይገባዋል፤ ጓደኛው ስለሆንን ደግሞ ይበልጥ ይገባዋል። እንጀራ ጋጋሪ ጎረቤታችን ናትና እንጀራዋን በነፃ እንውሰድ የሚል የለም። ሕጉም ቢሆን ደራሲና ከዋኝ የሥራቸው ባለመብት ናቸው ይላል፤ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 በኛ አቆጣጠር በ1996 ወጥቷል። አዋጅ ግን በር ላይ ቆሞ አያስከፍልም። ጭብጨባው ደግሞ ለሥራው ነው፤ ለሰውየው አይደለም። ወዳጅነታችንን በብሩ እንግለጽ፤ እጃችን ነፃ ይሁን።

«ብር የለንማ!» የሚል ይነሳል። ተማሪ ነን፤ ኪሳችንን እናውቀዋለን። የሌለው ሰው ወንበር ያንሳ፣ ሽቦ ይጠቅልል፣ በር ይጠብቅ። ይህም ብር ነው።

ስለ ጭብጨባ ስናወራ የረሳነው ሌላ ቃል አለን፤ ለዚያውም ከጭብጨባ የተሻለ። «ይደገም!» የሚለው ነው። ማጨብጨብ ምንም አያስከፍልም፤ ሰላሳ ሰከንድ ነው፣ አለቀ። ይደገም ያለ ሰው ግን ያንኑ ዘፈን አራት ደቂቃ ሙሉ እንደገና ሊሰማ ፈርሟል። ለወዳጅ ሲባል ይደገም ማለት ይከብዳል፤ ቅጣቱ የራስ ነውና። እስቲ በሚቀጥለው ዝግጅት ልብ በሉ፤ ሁሉም ዘፈን ይጨበጨብለታል፣ ይደገም የሚባለው ግን አንዱ ነው፤ አንዳንድ ማታ አንዱም የለም። ብልህ ዘፋኝ ጭብጨባውን ትቶ ይቺን ቃል ይቆጥራል። ሌላም የማይዋሽ ነገር አለ፤ በማግስቱ የቱን ዘፈን እያንጎራጎርን ልብስ እንደምናጥብ።

ይህን ሁሉ የምንለው ትንንሾቹ ቤቶች ዘላለም የሚኖሩ ይመስል ተዝናንተን አይደለም። ከከተማው ሆቴሎች ሁሉ ቀዳሚ በሆነው በጣይቱ ሆቴል የነበረው ጃዛምባ በጥር 2015 ከሆቴሉ ክፍል ጋር ተቃጠለ። ካዛንቺስ የነበረው ፈንዲቃ ከአዝማሪ ቤትነት ተነስቶ፣ በዳንሰኛው መላኩ በላይ እጅ፣ ጃዙንም ባህላዊውንም ሥዕሉንም የሚያስተናግድ ቤት ሆኖ ነበር፤ መላኩ እዚያው ቤት በጉርሻ እየጨፈረ፣ እዚያው እያደረ የጀመረ ሰው ነው። በ2024 ሰፈሩ ሲፈርስ ፈንዲቃም ፈረሰ፤ ሥራው ወደ አንድ ትልቅ ሆቴል ተዛወረ። የተቃጠለውን እሳት፣ የፈረሰውን ዶዘር ወሰደው እንላለን። ሳይቃጠልና ሳይፈርስ፣ በር ላይ የሚከፍል ጠፍቶ ዝም ብሎ የሚዘጋውን ግን ማንም አይቆጥረውም።

ድራም የሚመታው ጓደኛችን ይህ ጽሑፍ ለማባዣ ከመሄዱ በፊት አነበበውና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። «እናቴስ? በመጣች ቁጥር፣ በትሩ ከእጄ ቢወድቅ እንኳ እልል ትላለች። እሷም ውሸታም ናት?» ለሁለት ተከፈልን። ግማሾቻችን እልልታቸው ለልጃቸው እንጂ ለዘፈኑ አይደለም፣ ማንም አይሳሳትበትም አልን። ግማሾቻችን ደግሞ ጥግ ላይ ያለው እንግዳ የማን እናት እንደሆኑ በምን ያውቃል አልን። በሚመጣው ዓርብ ይመጣሉ ተብሏል። ከፊት ወንበር ይያዝላቸው ብለናል፤ የመግቢያቸውን ነገር ግን ገና አልተስማማንም።